በረት፣ ቆፎ፣ ጨፌ፦ የስብስብ ስሞች ታሪክ በአማርኛና በወለጋ አፋን ኦሮሞ

መግቢያ

የአማርኛ ሥነ ልሳን የሚማሩ ተማሪዎች ደጋግመው የሚያነሡት ጥያቄ አለ። «እንግሊዝኛ ለአንበሳው፣ ለዝይው፣ ለዓሣው፣ ለንቡ ስብስብ ለየብቻው ስም ሲሰጥ አማርኛ ግን ሁሉንም ‹መንጋ› ብሎ ያልፋል፤ ይህ የቋንቋው ድህነት አይደለምን?» ይላሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን ከቃላት ዝርዝር የሚገኝ አይደለም። ይልቁንም አንድ ማኅበረሰብ ብዙውን ነገር «አንድ» አድርጎ ለመጥራት በየትኛው የኑሮ በር እንደገባ በመመርመር የሚገኝ ነው።

ይህ ጽሑፍ የስብስብ ስሞችን ታሪክ በአጭሩ ለመቃኘት ይሞክራል። ለዚህም ወለጋ፣ በተለይም ነቀምቴና አካባቢዋ፣ መነሻ ሆኗል። ወለጋ የተመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም። በዚህ አገር አማርኛና አፋን ኦሮሞ ከመቶ ዓመት በላይ በአንድ ገበያ፣ በአንድ ችሎት፣ በአንድ የጽሕፈት ቤት መዝገብ ጎን ለጎን ኖረዋል። በነቀምቴ፣ በጨለለቂም ሆነ በሌላው ሰፈር፣ ያደገ ልጅ ከብቱን በአንዱ ቋንቋ ቆጥሮ ሒሳቡን በሌላው ማስረዳት የዕለት ተግባሩ ነው። በመሆኑም ሁለቱ ቋንቋዎች ብዙውን እንዴት እንደሚሰበስቡ አስተያይቶ ለማየት ከዚህ የተሻለ ስፍራ በቀላሉ አይገኝም።

1. ስብስብና ልክ

ወደ ታሪኩ ከመግባታችን በፊት አንድ የሰዋስው ጠባይ ልብ ማለት ይገባል። አማርኛ «የበግ መንጋ» ይላል፤ «አንድ መንጋ በግ»ም ይላል። ሁለቱ ሐረጎች በችኮላ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ። በመጀመሪያው ሐረግ ዋናው ስም «መንጋ» ነው፤ «የበግ» የሚለው መንጋው የምን እንደ ሆነ ይገልጻል። በሁለተኛው ግን ዋናው ስም «በግ» ነው፤ «አንድ መንጋ» ደግሞ ልኩን ይናገራል። የመጀመሪያው «ይህ የምን ስብስብ ነው?» ለሚል፣ ሁለተኛው «በጉ ምን ያህል ነው?» ለሚል መልስ ነው።

በዚህ መለኪያ ስንመረምር በአማርኛ ከስብስብ ስም ይልቅ የልክ ስም እጅግ የበዛ ሆኖ እናገኘዋለን። አንድ ነዶ ስንዴ፣ አንድ እስር ጌሾ፣ አንድ ዘለላ ወይን፣ አንድ ራስ ነጭ ሽንኩርት፣ አንድ ጥማድ በሬ፣ አንድ ቆፎ ንብ፣ አንድ ቁና ጤፍ፣ አንድ መደብ ድንች እንላለን። በእነዚህ ሁሉ ውስጥ «የ» የለም፤ የሚቆጠረውም ስም ብዙ ጊዜ የብዙ ቁጥር ምልክት አያስፈልገውም። አማርኛ ያልተቆጠረውን ስም በባሕርዩ እንደ ስብስብ ስለሚያየው «ሰው መጣ» ሲባል አንድም ሰው፣ ሺህም ሰው ሊሆን ይችላል። «መቶ በግ» ማለት ይበቃል፤ «መቶ በጎች» ማለት ግድ አይደለም።

እንግዲህ ቋንቋው ስብስብን ለመግለጽ ልዩ ስም ያላበዛበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ስሙ ራሱ ስብስብ ሆኖ ይነሣል፤ የሚጎድለው ልኩ ብቻ ነው። «ከብት» የሚለው ቃል ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። ከብት ዛሬ የቀንድ እንስሳው የጋራ መጠሪያ ሲሆን፣ በቀድሞው አማርኛ ሀብትና ንብረት ማለትም ነበር። በአፋን ኦሮሞም «ሆሪ» የሚለው ቃል ከብትንም ሀብትንም ይሰይማል፤ «ሆሩ» ማለት መርባት፣ መብዛት ነው፤ «ሆራ ቡላ» የሚለውም የሽማግሌ ምርቃት ብዙ፣ ተባዙ፣ ኑሩ የሚል መንፈስ አለው። በላቲንም የከብትና የገንዘብ ስም ከአንድ ሥር መምጣቱ የታወቀ ነው። ከብት የያዘ ሕዝብ ሁሉ ብዛትን መጀመሪያ የተማረው በከብቱ ነው ብንል ብዙ አንሳሳትም።

2. የአደን ሜዳና የእርሻ ማሳ

ተማሪዎቻችን የሚቀኑበት የእንግሊዝኛው ዝርዝር ከየት መጣ? አብዛኛው እ.ኤ.አ. በ1486 በእንግሊዝ አገር ከታተመውና በጭልፊት አያያዝ፣ በአደንና በጋሻ ምልክት ላይ ከሚያተኩረው፣ በተለምዶ «የቅዱስ አልባንስ መጽሐፍ» ከሚባለው ሥራ የወረደ ነው። መጽሐፉ የተዘጋጀው ለመኳንንት ልጆች ነበር። አንድ ወጣት ባላባት በአደን ሜዳ ላይ የእያንዳንዱን አውሬ ስብስብ በየስሙ መጥራት ካልቻለ እንደ ባላገር ይታይ ነበር። ከዝርዝሩ ውስጥ ብዙው በሥራ ቦታ የተወለደ ሳይሆን ለጨዋታና ለጨዋነት ማሳያ የተፈጠረ ነው፤ ስለ መነኮሳት፣ ስለ ዳኞችና ስለ ሴቶች የተቀመጡትም ስሞች ይበልጡን ቀልድ ናቸው።

የአማርኛውና የአፋን ኦሮሞው ዝርዝር ግን ከዚህ የተለየ አባት አለው፤ የተወለደው ከአደን ሜዳ ሳይሆን ከማሳ፣ ከበረት፣ ከአውድማና ከገበያ ነው። ለአንበሳ ስብስብ ልዩ ስም ያጣነው አንበሳን ባለማወቃችን አይደለም፤ አንበሳን ቆጥሮ የሚሸጥ፣ የሚያካፍል ወይም የሚገብር ሰው ስላልነበረ ነው። በአንጻሩ ማሳን የሚወርር ወፍ የገበሬ ዕዳ ስለሆነ «ግሪሳ» የሚል የራሱ ስም ተሰጥቶታል። ግሪሳ የወፉ ስም ነው፤ ነገር ግን ማንም ገበሬ አንዲት ወፍ ብቻዋን ዐይቶ «ግሪሳ መጣ» ብሎ አይጮኽም። ቃሉ ሲጠራ ብዛቱ አብሮ ይጠራል። በ2012 ዓ.ም. በምሥራቅና በሰሜን የአገሪቱ ክፍል የደረሰውን ወረርሽኝ ሁሉም «የአንበጣ መንጋ» ያለውም በዚሁ ስሜት ነው፤ መንጋው የተሰየመው ስለሚያጠፋው ነው።

3. ቦታው ስም ሲሆን

የስብስብ ስሞቻችንን ሥር ስንመረምር አንድ ተደጋጋሚ መንገድ እናገኛለን። ይኸውም ብዙውን የሚይዘው ቦታ ወይም ዕቃ የብዙው ስም መሆኑ ነው።

ንብን እንውሰድ። በአማርኛ ንብ ሲቆጠር «አንድ ቆፎ፣ ሁለት ቆፎ» ይባላል። ቆፎ ቤቱ ነው፤ ግን ባለ ንቡ «አምስት ቆፎ አለኝ» ሲል ባዶ ቀፎ ማለቱ አይደለም፤ አምስት ሕያው ማኅበር ማለቱ ነው። በወለጋም «ጋጉራ» የቆፎው ስም ሆኖ ሳለ የንቡ ስብስብ መቁጠሪያም ነው። ማር ከአገሩ ዋና ምርቶች አንዱ በሆነበት በዚህ ምድር ዛፍ ላይ የተሰቀለውን ጋጉራ የቆጠረ ሰው ሀብቱን ቆጠረ ማለት ነው። ከብትም እንዲሁ ነው። በአማርኛ «አንድ በረት ከብት» ይባላል፤ በአፋን ኦሮሞም «ከራ» በቁሙ በር፣ መውጫ ማለት ሲሆን፣ በዚያ በር ወጥቶ ለሚሰማራው ከብት ስብስብም ይነገራል። ከብቱን አንድ ያደረገው ሁሉም ጠዋት በአንድ በር ወጥቶ ማታ በአንድ በር መግባቱ ነው።

ይህ መንገድ ከእንስሳ ወደ ሰው ሲሻገር ይበልጥ ያስደንቃል። «ጨፌ» በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም እርጥበት የማይለየው ለምለም ሣር ያለበት ሜዳ ነው። በገዳ ሥርዓት ሕዝቡ ለሕግና ለሽምግልና የሚሰበሰበው በእንዲህ ያለ መስክ በመሆኑ፣ «ጨፌ» የሚለው ቃል ከሣሩ ወደ ተሰብሳቢው ዞረ። ዛሬ የኦሮሚያ ክልል ምክር ቤት «ጨፌ ኦሮሚያ» ሲባል፣ ስብሰባው በአዳራሽ ቢሆንም ቃሉ ያንን ሜዳ ይዞ ነው የገባው። በአማርኛም «ቤት» ከጎጆ ተነሥቶ ቤተሰብን፣ ቤተ ዘመድን፣ የነገሥታትን ሥርወ መንግሥት እስከ መሰየም ደርሷል።

ከሁሉ የሚበልጠው ምሳሌ ግን «ብሔር» ነው። በግዕዝ ብሔር ምድር፣ አገር ማለት ነው፤ «እግዚአብሔር» በሚለው ስም ውስጥ ያለውም ይኸው ትርጉም ነው። ይህ የምድር ስም ከጊዜ በኋላ የሰው ስም ሆነ። በ1960ዎቹ የተማሪዎች ንቅናቄ ክርክር ቃሉ የፖለቲካ ጥያቄ ማንሻ ሲሆን፣ «ብሔረሰብ»ም ከአጠገቡ ተሰለፈ። በ1975 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሔረሰቦች ጥናት ኢንስቲትዩት ሲቋቋም ቃሉ የመንግሥት ተቋም ስም ሆነ፤ በ1987ቱ ሕገ መንግሥት ደግሞ ብሔር፣ ብሔረሰብና ሕዝብ የሥልጣን ባለቤት መጠሪያዎች ሆነው ተጻፉ። የዚህ ቃል ጉዞ ከጨፌ ጉዞ ጋር አንድ ዓይነት ነው፤ ሰውን የሚይዘው ምድር የሰው ስም ሆነ። ስለ ብሔር የሚደረገው ክርክር ዘወትር ስለ መሬት ክርክር ሆኖ የሚያርፈው በቃሉ ታሪክ ብቻ ነው አንልም፤ ቃሉ ግን ከመነሻው ሁለቱን አጣምሮ እንደ ያዘ መዘንጋት የለበትም።

4. እጅ፣ ጫንቃና ቀንበር

ሁለተኛው መንገድ የሰው አካልና የሥራ መሣሪያ ነው። እፍኝና ጭብጥ ከእጅ፣ እቅፍ ከክንድና ከደረት፣ ሸክም ከጫንቃ የመጡ ናቸው። እዚህ ላይ መለኪያው ሰውዬው ራሱ ነው። ዛፍም በአካል ስም ይቆጠራል፤ ግን የዛፉ በራሱ አካል። በአማርኛ «መቶ እግር ቡና» ሲባል፣ በወለጋ ደግሞ ቡና የሚቆጠረው በ«ሁንዴ» ነው፤ ሁንዴ ሥር ማለት ነው። ጊምቢን የመሰሉ ከተሞች የሚኖሩበትን ቡና አንዱ ቋንቋ በእግሩ፣ ሌላው በሥሩ ይቆጥረዋል። ሁለቱም ግን ቆጠራውን የሚጀምሩት ዛፉ ምድርን ከነካበት ቦታ ነው።

መሣሪያን በተመለከተ «ጥማድ» ከሁሉ ይልቅ ታሪክ ያዘለ ነው። ጠመደ፣ ቀንበር ጫነ ከሚለው ግስ የወጣው ይህ ቃል በመጀመሪያ አብረው የሚያርሱትን ሁለት በሬዎች ይሰይማል። ከዚያም ሁለቱ በሬዎች በአንድ ቀን የሚያርሱት መሬት «ጥማድ» ተባለ፤ ይህም በግምት ሩብ ሄክታር ይሆናል። በአፋን ኦሮሞ መጥመድ «ጨመዱ» መባሉን ስናይ፣ ቃሉ ከቀንበሩ ጋር የሁለቱ ሕዝቦች የጋራ ሀብት እንደ ሆነ እንረዳለን። «ጋሻ»ም እንዲሁ የጦረኛ መከላከያ ከመሆን ተነሥቶ አርባ ሄክታር ገደማ የሚሆን የመሬት ልክ ስም ሆነ። በጥማድ ውስጥ ያለው ገበሬና በሬው ሲሆኑ፣ በጋሻ ውስጥ ያለው ወታደርና ድርሻው ነው። ሁለቱ የመሬት መለኪያዎች ጎን ለጎን መኖራቸው ብቻውን የአገሪቱን የመሬት ታሪክ አጠር አድርጎ ይነግረናል።

5. ወቄት፣ ፈረሱላ፣ ጉንዶ፦ የነቀምቴ መዝገብ

የወለጋን ጉዳይ ለየት የሚያደርገው ይህ የልክ ቋንቋ በጽሑፍ ተመዝግቦ የተገኘ መሆኑ ነው። በ1874 ዓ.ም. የሌቃ ነቀምቴ ገዥ ሞረዳ በከሬ ለራስ ጎበና ዳጬ ያለ ጦርነት ገብተው ለንጉሥ ምኒልክ ግብር ለመክፈል ተስማሙ። በዚያው ዓመት በእምባቦ ጦርነት ምኒልክ የጎጃሙን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ድል ነሥተው ስለነበር፣ የምዕራቡ አገር ወርቅና ዝሆን ጥርስ ወደ ሸዋ የሚፈስበት መንገድ ተከፍቶ ነበር። ሞረዳ በ1881 ዓ.ም. ሲያርፉ ልጃቸው ኩምሳ ተተኩ፤ እሳቸውም በክርስትና ስማቸው ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር የተባሉት ናቸው።

ሌቃ ነቀምቴ በሰላም በመግባቱ የውስጥ አስተዳደሩ በራሱ ቤተሰብ እጅ ቀረ። ከማዕከል ጋር ያለው ግንኙነት ግን በግብርና በደብዳቤ ነበር፤ ደብዳቤውም በአማርኛ ነበር። ከዚህ የነቀምቴ ቤተ መንግሥት የጽሕፈት ቤት የተረፉት ሰነዶች በአሌሳንድሮ ትሪውልዚና በተሰማ ታኣ አዘጋጅነት እ.ኤ.አ. በ2004 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መታተማቸው ለታሪክ ተመራማሪው ብቻ ሳይሆን ለቋንቋ ተማሪውም ትልቅ ስጦታ ነው። ሰነዶቹ ከ1880ዎቹ እስከ 1920ዎቹ ያለውን ዘመን ይሸፍናሉ።

በዚያ ዘመን የአስተዳደር አማርኛ ውስጥ አገር የሚገለጸው በልክ ስም ነው። ወርቅ በወቄት፣ የዝሆን ጥርስና ቡና በፈረሱላ፣ ማር በጉንዶ ይቆጠራል። ወቄት ሃያ ስምንት ግራም ያህል፣ ፈረሱላ ዐሥራ ሰባት ኪሎ ግራም ያህል ነው፤ ሁለቱም ከዐረብ ነጋዴ ጋር በሲራራ መንገድ የመጡ የንግድ ቃላት ናቸው። ጉንዶ ግን የማሩ ዕቃ ነው። አንባቢ እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ሊል ይገባዋል። ባለ ንቡ በዛፉ ሥር ቆሞ ሀብቱን በጋጉራ ይቆጥር ነበር፤ ማሩ ወደ ግምጃ ቤት ሲገባ ግን በጉንዶ ተጻፈ። ጋጉራ ንቡን፣ ዛፉንና ባለቤቱን ይዞ ነበር፤ ጉንዶ ማሩን ብቻ ያዘ። ያው ሀብት ከአንድ ስብስብ ስም ወደ ሌላው ሲሻገር ከነሕይወቱ አልተሻገረም።

በሌሎች የደቡብና የምዕራብ አገሮች ይህ አቈጣጠር ከዕቃ አልፎ ወደ ሰውም ደርሷል። «ገባር» ግብር የሚከፍል ሰው ስም ነው፤ ነገር ግን ለወታደሩና ለሹሙ ደመወዝ ይሆን ዘንድ «ይህን ያህል ገባር» ተብሎ ሲመደብ፣ ቃሉ የልክ ስም ሆኖ አረፈ። አንድ ገባር ማለት አንድ ሰው ሳይሆን ከሚስቱ፣ ከልጆቹና ከጉልበቱ ጋር አንድ የገቢ መክፈያ ቤት ማለት ነበር። እንግዲህ እንደ ቁናና እንደ ፈረሱላ ሁሉ ሰውም መለኪያ ሆነ ማለት ነው። የገባር ሥርዓት በሕግ ከተሻረ ብዙ ዘመን ቢያልፍም፣ ሰውን በቁጥር ብቻ የመጥራት ልማድ ምን ያህል መራራ ትዝታ እንደሚተው ለመረዳት ይህን ቃል መመርመር ይበቃል።

6. ከሠራዊት እስከ መደብ

ለሰው ስብስብ ከተሰጡት ስሞች ቀደምቱ የጦር ነው። «ሠራዊት» በግዕዝ «ሰርዌ» የሚለው ነጠላ ስም ብዙ ቁጥር ነው። በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተቀረጹት የንጉሥ ዒዛና ጽሑፎች የዘመቱትን ጭፍሮች «ሰርዌ» በሚል መጠሪያ በየስማቸው ይጠቅሳሉ፤ የተማረከውንም ከብትና በግ በቁጥር ያስቀምጣሉ። ስለዚህ በአገራችን በጽሑፍ ከተገኙት የስብስብ ስሞች አንዱ ከአሥራ ስድስት መቶ ዓመት በላይ ዕድሜ ያለውና ዛሬም በየቀኑ የምንናገረው ቃል ነው።

በኋለኛው ዘመን የሠራዊት አከፋፈል አለቃው የጭፍራው ስም ሆነ። «ሻለቃ» የሺህ አለቃ ማለት ሲሆን፣ ዛሬ የማዕረግ ስምም የጦር ክፍል ስምም ነው፤ «ሻምበል»ም እንዲሁ። «ሻለቃው ዘመተ» ሲባል መኮንኑ ይሁን ጦሩ የሚለየው በዙሪያው ካለው ንግግር ነው። ይህ «እነ» ከሚለው የአማርኛ ዘዴ ጋር የሚዛመድ ነው። «እነ ሞረዳ» ስንል ሞረዳንና ከሞረዳ ጋር ያሉትን ሁሉ በአንድ ሰው ስም እንሰበስባለን። በአፋን ኦሮሞ ለዚህ የሚያገለግለው «ወራ» ነው፤ የነቀምቴ ገዥዎች ቤት «ወራ በከሬ» መባሉ የታወቀ ነው። ልዩነቱ ግን አለ። «እነ» ቅጥያ ብቻ ነው፤ «ወራ» ግን ቤተሰብም፣ ቤትም ማለት ነው። ስለዚህ አፋን ኦሮሞ ሰዎችን በሰው ዙሪያ ሲሰበስብም ቤቱን አይረሳም።

በ1966 ዓ.ም. አብዮት ደግሞ የስብስብ ስሞች በአንድ ጊዜ ተለወጡ። ከሁሉ የሚደንቀው የ«መደብ» ዕጣ ነው። መደብ ከጎጆው ግድግዳ ሥር በጭቃ ተሠርቶ ሰው የሚቀመጥበትና የሚተኛበት ከፍታ ነው፤ በገበያ ደግሞ ባለ ጉሊቷ ድንቹንና ሽንኩርቱን ደርድራ የምትሸጥበት ክምር ነው። በወለጋ ገበያ ይህንኑ ክምር «ቱላ» ይሉታል። አብዮቱ ይህን ቃል ወስዶ የኅብረተሰብ ክፍል መጠሪያ አደረገው፤ የገዥ መደብ፣ የሠራተኛ መደብ ተባለ። ባለ ጉሊቷ በመደብ ስትሸጥ ክምሩ እኩል እንዲሆን እያየች አንዱን ታነሣለች፣ ሌላውን ትጨምራለች። በፖለቲካው ግን አንድ ሰው ከአንዱ መደብ ወደ ሌላው መነሣቱና መጨመሩ የሞት የሽረት ጉዳይ ነበር። ቃሉ አንድ ነው፤ የሚደረድረው እጅ ግን ሌላ ሆነ።

7. ሰውን «መንጋ» ማለት

እስከ አሁን ያየናቸው ስሞች አንድ የጋራ ጠባይ አላቸው። በረት፣ ቆፎ፣ ጨፌ፣ ነዶ፣ እስር፣ ጥማድ፣ ማኅበር፣ ጉባኤ፤ ሁሉም ብዙውን አንድ ያደረገው ነገር ምን እንደ ሆነ ይናገራሉ። በረቱ አጥሩን፣ እስሩ ልጡን፣ ጥማዱ ቀንበሩን ያሳያል። «ማኅበር» ኀበረ፣ አንድ ሆነ ከሚለው፣ «ጉባኤ» ተሰበሰበ ከሚለው ግስ የመጡ ናቸው፤ ማሰሪያው ፈቃድ ነው።

«መንጋ» ግን ማሰሪያውን አይናገርም። ይህንን ከግዕዙ «መርዔት» ጋር ብናስተያየው ጉዳዩ ይገለጣል። መርዔት ረዐየ፣ አሰማራ፣ ጠበቀ ከሚለው ግስ የወጣ ስለሆነ እረኛውን በውስጡ ይዟል፤ የሚጠብቀው ያለው ስብስብ ማለት ነው። «መንጋ» እረኛው ካልተጠቀሰ በቀር እረኛ የለውም። በቤተ ክርስቲያን ስብከት ምእመናንን መንጋ ማለት ክብር እንጂ ስድብ ያልሆነው እረኛው ሁልጊዜ አብሮ ስለሚጠራ ነው። ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ ግን «የመንጋ ፍርድ»፣ «የመንጋ ፖለቲካ» የሚሉ አነጋገሮች በመገናኛ ብዙኃንና በክርክር መድረኮች ተበራክተዋል። እርግጥ ነው፣ ሰው በአደባባይ ያለ ፍርድ ሲገደል ድርጊቱን ጠንከር ባለ ቃል መጥራት ተገቢ ነው። ነገር ግን ቃሉ ከድርጊቱ ወደ ሕዝብ ሲዞር፣ አንዱ ወገን ሌላውን በሞላው መንጋ ሲለው፣ የተካደው ብዛቱ አይደለም፤ ያስተሳሰረው ነገር ነው። ሌላው ሕዝብ ቤት፣ ጨፌ፣ ሕግ፣ ሽማግሌ የሌለው ሆኖ ይሳላል።

«ጎሣ» የሚለውም ቃል ከዚሁ ጋር መታየት አለበት። በአፋን ኦሮሞ «ጎሳ» ዓይነት ማለትም፣ የዘር ሐረግ ማለትም ነው። የእህሉም፣ የዛፉም፣ የሰውም ዓይነት በዚሁ ቃል ይጠራል፤ ዝቅ የማድረግ ስሜት የለውም። በዘመናዊው አማርኛ ግን «ጎሠኝነት» የሚለው ነቀፋ ከዚሁ ስም ስለ ተወለደ ቃሉ ሲነገር አንዱ ጆሮ ዓይነትን፣ ሌላው ጆሮ ንቀትን ይሰማል። በነቀምቴ በሚገኝ ክፍል ውስጥ አንድ መምህር ይህንን ቃል ሲጠራ ተማሪዎቹ ሁለት ነገር እንደሚሰሙ ማወቅ አለበት። «አሕዛብ»ም ቀደም ሲል ተመሳሳይ ዕጣ ደርሶበታል፤ ሕዝብ የተከበረ ቃል ሆኖ ሳለ ብዙ ቁጥሩ አሕዛብ የማያምኑት መጠሪያ ሆኖ ቀርቷል። እኛ ሕዝብ፣ እነርሱ አሕዛብ።

8. ደቦ እና ዳዶ

ማሰሪያቸውን በግልጽ የሚናገሩ ስሞች ከሁሉ በላይ የሚገኙት በሥራ ነው። «ደቦ» በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም አንድ ቃል ነው፤ ባለ ሥራው ጎረቤቱን ጠርቶ፣ ጠላና ምግብ አዘጋጅቶ በአንድ ቀን ማሳውን የሚያሳርስበት ወይም የሚያሳጭድበት ስብስብ ነው። ከዚህ የሚለየው ዕዳው ተራ በተራ የሚመለሰው የጥቂት ሰዎች መረዳዳት ነው፤ ይህም በአማርኛ «ወንፈል»፣ በወለጋ «ዳዶ» ይባላል። በደቦ ማሰሪያው ግብዣው ሲሆን በዳዶ ማሰሪያው ተራው ነው። ሁለቱ ቋንቋዎች ይህን ልዩነት ለየብቻቸው በስም መለየታቸው የሚያሳየው ገበሬው ስብስብን የሚሰይመው በብዛቱ ሳይሆን በሚያስከትለው ግዴታ መሆኑን ነው።

ይህንን ትምህርት ባላገሩ በተረቱም አስቀምጦታል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላል። ሎሚው በሁለቱም በኩል ሃምሳ ነው፤ ቁጥሩ አልተለወጠም። የተለወጠው የተሸካሚዎቹ መያያዝ ነው።

ማጠቃለያ

ከላይ እንደ ተመለከተው የአማርኛና የወለጋ አፋን ኦሮሞ የስብስብ ስሞች ከሦስት ምንጮች ቀድተዋል፤ ከሚይዘው ቦታና ዕቃ፣ ከሚለካው አካልና መሣሪያ፣ ከሚያስተሳስረው ግዴታ። ስለዚህ «አማርኛ ለምን እንደ እንግሊዝኛ የስብስብ ስም የለውም?» ለሚለው ጥያቄ የምንሰጠው መልስ «አለው፤ ግን በአደን መጽሐፍ ሳይሆን በበረቱና በአውድማው ፈልገው» የሚል ይሆናል።

አሳሳቢው ነገር ሌላ ነው። በተማሪዎቻችን ጽሑፍ ውስጥ እነዚህ ቃላት እየሳሱ ነው። ነዶው፣ እስሩ፣ ዘለላው ሁሉ «ብዙ»፤ ደቦው፣ ወንፈሉ፣ ማኅበሩ ሁሉ «ቡድን» እየተባለ ነው። በወለጋ ያለ ተማሪ ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ በአፋን ኦሮሞ ተምሮ አማርኛን እንደ ሁለተኛ ቋንቋ የሚያገኝ በመሆኑ ጉድለቱ የእርሱ ብቻ ይመስላቸው የነበሩ መምህራን፣ በአዲስ አበባ ያደገውም ተማሪ ነዶን ከክምር ለይቶ እንደማይጽፍ ሲያዩ ሐሳባቸውን ሳይለውጡ አይቀሩም። እንዲያውም የወለጋው ልጅ ጋጉራን፣ ከራንና ዳዶን ስለሚያውቅ ቆፎን፣ በረትንና ወንፈልን ለመማር ከከተማው ልጅ ይልቅ ቅርብ ነው። መምህሩ ሁለቱን ጎን ለጎን ቢያቀርብለት አንዱ ቋንቋ ለሌላው መዝገበ ቃላት ይሆነዋል።

ይህ የቃላት ጌጥ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ብዙ ሰው በአንድነት ሲቆም ዐይተን ስም ስንሰጠው፣ ያስተሳሰረውን ነገር እናውቃለን ወይም አናውቅም ማለታችን ነው። ጨፌ ካልነው ሕግ እንዳለው፣ ደቦ ካልነው ነገ የሚመልሰው ብድር እንዳለበት፣ ወራ ካልነው ማታ የሚገባበት ቤት እንዳለው መሰከርን። መንጋ ካልነው ግን ምንም አልመሰከርንም። የስብስብ ስም የሚመርጥ ጸሐፊ ይህን ምስክርነት በእጁ እንደ ያዘ ቢያስብ መልካም ነው።